ንባብ ከቤታችን የወጣበት ዘመን

ባለፈው ጾም ዓይኔን ልታይ ሐኪም ቤት ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ አጠገቤ አንድ ወጣት ተቀምጦ ነበር። ከፊታችን ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቅሎ ያወራል። ሃያ የምንሆን በሽተኞች፣ አንድ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነ ሳይቀሩ፣ አንገታችንን አቅንተን እናየዋለን። ምን እንደሚል ልብ ያለው ሰው ግን የነበረ አይመስለኝም። ወጣቱ ብቻ ከቦርሳው አንድ አሮጌ መጽሐፍ አውጥቶ ገለጠ። የቆየ ወረቀት ሽታ፣ ያ የሐይቅ ዳር እርጥበት የገባበት ወረቀት ሽታ፣ ደረሰኝ። ምን እንደሚያነብ ጠየቅሁት። ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ዘንዘልማ አስተማሪ እንደ ሆነና ለተማሪዎቹ ክርክር እያዘጋጀ እንደ ሆነ ነገረኝ። ርእሱ «ቴሌቪዥን መጽሐፍን ሊተካ ይችላል ወይስ አይችልም?» የሚል ነው። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «እማማ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» አለኝ። መልስ ልሰጠው ስል ስሜ ተጠራ። ታይቼ ስወጣ ልጁ ሄዷል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥያቄው ከራሴ አልወጣ አለ። እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም፤ ክርክርም አላውቅበትም። የማውቀው በቤቴ የሆነውን ነው።

እኔና ይበልጣል ስንጋባ ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ነበረች። የፋብሪካው ጥሩንባ ጧት ሲነፋ መንገዱ በብስክሌት ይሞላል፤ ወንዱ ቴርጋል ሱሪውን በልብስ መቆንጠጫ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይዞ፣ ሴቷ ናይሎን ሻሿን አገጯ ሥር ቋጥራ። ብስክሌት የሌለው ለግማሽ ሰዓት በሃያ አምስት ሳንቲም ይከራያል። ዛሬ ባጃጁ እርስ በርሱ እየተጋፋ በሚጮኽበት በዚያ በዘንባባው መንገድ፣ ያን ጊዜ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እየነዳ የልቡን ያወጋ ነበር። በአንድ ብር የተገዛ ዓሣ ለቤተሰብ ተርፎ ለጎረቤት ይደርሳል። ሻይ አሥር ሳንቲም ነው፤ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ሙዚቃውን ሲለቅቀው እስከ ሐይቁ ድረስ ይሰማል፤ የዘፈኖቹን ዜማ ዛሬም አውቀዋለሁ፣ ቃሉ ግን ግማሹ ጠፍቶብኛል። እኔ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከማሽን የሚወጣውን ጨርቅ መብራት ባለበት ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋሁ የተበጠሰ ክር የምፈልግ ሠራተኛ ነበርሁ። ዓይኔንም የጨረሰው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ይበልጣል የአማርኛ መምህር ነበር። ከሐይቁ አንድ መንደር ራቅ ብሎ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ሰፊ በረንዳ ያለው ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር።

ይበልጣል በሐይቁ ደሴቶች ከአንዱ የመሪጌታ ልጅ ነው። ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት የቤተ ክህነቱን የንባብ ደረጃዎች፣ ግዕዙን፣ ውርዱን፣ ቁም ንባቡን፣ ከአባቱ እግር ሥር ተምሯል። ስለዚህ ማንበብ ለሱ ድምፅ ማውጣት ነበር። ጋዜጣ እንኳ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ገና በተጋባን በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሥራ ገብቼ እግሬን ለብ ባለ ውኃ ነክሬ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ ልብ ወለድ ይዞ መጣና፣ «ደክሞሻል፤ አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጭ፣ እኔ ላንብብልሽ» አለኝ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥሁ ነኝ፤ መጽሐፍ የተማሪ ነገር ይመስለኝ ነበር። ጠፍቶ የቀረ ባሏን ፍለጋ ከቆላ ደጋ የምትንከራተት ሴት ታሪክ ነበር። ውኃው ቀዝቅዞ እግሬ እስኪደነዝዝ ድረስ ሳልነሣ ሰማሁት። በማግስቱ በፋብሪካው ጠረጴዛዬ ላይ ጨርቁን እየዘረጋሁ የማስበው ያችን ሴት ነበር፤ አንድ ቀዳዳ አልፎኝ አለቆቹ ተቆጡኝ።

እንዲህ ሆኖ ልማድ ሆነ። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ይበልጣል በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ ያነባል። ልጆቻችን ምሥራቅና ዳዊት ሲወለዱ ያን ድምፅ እየሰሙ አንቀላፉ፤ ከፍ ሲሉም እግሩ ሥር ተቀምጠው ሰሙ። ከጎረቤት የማይቀረው ጋሽ ዳና ነበር። ጋሽ ዳና ከወላይታ መጥቶ በፋብሪካው የፈትል ክፍል የሚሠራ፣ አማርኛውን ገና የሚለምድ፣ ቤተሰቡን አገሩ የተወ ብቸኛ ሰው ነው። መጀመሪያ አጥሩ ላይ ተደግፎ ይሰማ ነበር። ይበልጣል አንድ ቀን ዐይቶት ወንበር አወጣለት። ቃል ሲከብደው እጁን ያነሣል፤ ይበልጣልም ያቆምና ይተረጉምለታል። በታሪኩ ውስጥ ክፉ ሰው ሲመጣ ጋሽ ዳና ይቆጣል፣ አንዳንዴም ተነሥቶ ይሄዳል፤ በማግስቱ ግን ከማንም ቀድሞ ይገኛል። መጽሐፉ ሁለት ብር፣ ቢበዛ ሦስት ብር ነው። ይበልጣል ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር አንድ ይገዛል፤ ከሻይ ሣጥን ጣውላ በሠራው መደርደሪያ ላይ ይደረድራል። ሳሎናችን በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚታየው ያ መደርደሪያ ነበር።

ቴሌቪዥን ወደ ሰፈራችን የመጣው በአንድ ባለ ሱቅ ቤት ነው። እንጨት ሣጥን ውስጥ ያለ፣ በሁለት ወገን የሚዘጋ መዝጊያ የነበረው፣ ላዩ በዳንቴል የተሸፈነ ነገር ነው። ማታ ማታ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሰውየው መስኮት ላይ ይሰቀላል። የኛዎቹም መሄድ ጀመሩ። አባታቸው በረንዳው ላይ መጽሐፉን ሲገልጥ እነሱ ጡብ ደርበው፣ በሰው መስኮት አጮልቀው ያያሉ። አንድ ቀን የባለ ሱቁ ሚስት መጋረጃውን ድንገት ዘጋችው። ልጆቹ ሲገፋፉ ጡቡ ከምሥራቅ እግር ሥር ተንሸራተተና በአገጯ ወደቀች። ደሟን እያዘራች ስትመጣ እኔ እያጠብኋት የነደደኝ ቁስሉ አልነበረም፤ መጋረጃው ነው። ልጄ በሰው መስኮት ለማኝ መሆኗ ነው። ይበልጣል፣ «እዚህ ስትሰሚ ብትቆዪ ኖሮ ባልወደቅሽ» አላት። ልጅቱም፣ «አባዬ፣ የአንተ እኮ አይታይም» አለችው። እሱ ሳቀ። እኔ ግን በዚያው ቆረጥሁ።

ሳልነግረው የዕቁቡን ዕጣ ተራዬ ሲደርስ ተቀበልሁ፤ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ገዝቶ በአውቶቡስ ጣራ ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ላከልኝ። አውቶቡስ ተራ ሄጄ በጋሪ ጭኜ ስመጣ የሰፈሩ ልጆች ከኋላዬ ተከትለው ነበር። ያን ቀን የለበስሁትን እንኳ አልረሳሁም፤ ከፋብሪካችን ጨርቅ ያሰፋሁት፣ ትልልቅ ቢጫ አበባ ያለበት ቀሚስ። ኩራቴ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ይበልጣል ከትምህርት ቤት ገባ፣ ሣጥኑን አየ፣ እኔን አየ። ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። ኮቱን አውልቆ ሰቀለና መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እያወረደ ወደ መኝታ ክፍል ይወስድ ጀመር። ለቴሌቪዥኑ የሚሆን ሌላ ቦታ አልነበረም። ተው፣ ነገ እናደርገዋለን ስለው አልሰማኝም። መደርደሪያውንም ራሱ ተሸክሞ አስገባ፤ አንቴናውን ባሕር ዛፍ እንጨት ላይ አስሮ ያቆመውም እሱ ነው። እኔ ከውስጥ «አሁን ታየ፣ አሁን ጠፋ» እላለሁ፤ እሱ እንጨቱን ያዞራል። ሰው ሲያየን የተስማማን ባልና ሚስት እንመስል ነበር።

ያን ምሽት ቤታችን በሰው ሞላ። እኔ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፍቼ የመጣውን ልጅ ሁሉ አስገባሁ። ይበልጣል ጥግ ላይ፣ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጣቱን ያቆመበት ገጽ ውስጥ ከትቶ ተቀምጦ ነበር። ዜናው ሲያልቅ፣ «እንግዲህ እንቀጥል?» አለ። ዳዊት ዞር ሳይል፣ «አባዬ ይሄ ይለቅ» አለው። እሱም ጠበቀ። ያ ሲያልቅ ሌላ መጣ። በማግስቱም እንዲሁ ጠበቀ። በረንዳው ላይ ጋሽ ዳና ወንበሩ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር፤ ግባ ስለው፣ «እት የሺ፣ እኔ መምህርን ነው የምጠብቀው» አለኝ። ይበልጣል ሁለት ሳምንት ያህል መጽሐፉን ጭኑ ላይ ይዞ ተቀመጠ። ከዚያ ባዶ እጁን መቀመጥ ጀመረ። እኔ ይህን ልብ ያልሁት ብዙ ቆይቼ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ዓይኔ ቴሌቪዥኑ ላይ ነበር።

አባቱ መሪጌታ በታንኳ ተሻግረው ለገበያ ሲመጡ እኛ ዘንድ ያርፉ ነበር። እሳቸውን ላስደስት ብዬ ወንበራቸውን ከፊት አደረግሁላቸው። ዜና የሚያነበውን ሰውዬ ጥቂት ዐዩና፣ «ልጄ፣ ይህ ሰው እኛን ያየናል?» ብለው ጠየቁኝ። አያየንም አልኋቸው። «ታዲያ መስማታችንን በምን ያውቃል?» አሉ። መቋሚያቸውን ይዘው ወደ በረንዳው ወጡና ከጋሽ ዳና ጋር ተቀመጡ። ይበልጣል ከኋላቸው ተከተላቸው። ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም ከልጆቹ ጋር ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ይበልጣል ከቤት ወጥቶ ማንበብ የጀመረው። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መጽሐፉን በብብቱ ይዞ፣ ጋሽ ዳናን አስከትሎ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ደንገሉ ከሚያበቃበት ትንሽ ፈቀቅ ብሎ አንድ ሾላ ነበር፤ ዛሬ የት እንደ ነበረ ባሳያችሁ አታምኑኝም፣ ቦታውን ሆቴል ይዞታል። እዚያ ቁጭ ይሉና ፀሐይ እስክትጠልቅ ያነባል። ጎረቤት ያማን ጀመር፤ የመምህር ሚስት ባሏን ከቤቱ አስወጣችው ይላሉ። እኔም አኩርፌ አንድ እሑድ ጠየቅሁት። ቴሌቪዥኑ እኮ ዓለምን ያሳየናል፣ ያንተ መጽሐፍ ምን ያሳያል አልሁት። አልተቆጣም።

«የሺ፣ ያችን ባሏን የምትፈልገውን ሴት ታስታውሻለሽ?»

«አስታውሳለሁ።»

«መልኳ እንዴት ነው?»

ነገርሁት። ቀጠን ያለች፣ ጠይም፣ ግንባሯ ላይ ንቅሳት ያላት፣ ስትሄድ አንድ እግሯን የምትስብ አልሁት።

«ይህ አንዱም መጽሐፉ ላይ የለም» አለኝ። «ሁሉን ያበጀሽው አንቺ ነሽ። ዳናን ብትጠይቂው የሱ ሴት ሌላ ናት። ያ ሣጥን ለሁላችንም አንዲት ሴት ብቻ ነው የሚሰጠን፤ ተሠርታ ያለቀች።»

እንግዲያው እዚሁ ቤትህ አንብብ፣ እኔ ልጆቹን ዝም አሰኛለሁ አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ከሰው ጋር እንጂ ከዕቃ ጋር አልፎካከርም» አለ። ይህን ያለው በትዕቢት ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ትዕቢት ነው እላለሁ። ልጆቹን ትንሽ ቢለምናቸው፣ አንድ ቀን እንኳ ቆጣ ብሎ ቢያጠፋው ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን ነበር። እሱም ትቶናል፤ ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም። ቢሆንም አንድ የማልረሳው ቀን አለ። ዓሣ ልገዛ ወርጄ ስመለስ በሾላው በኩል አለፍሁ። ድምፁን ሰማሁት። ቆምሁ። ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፤ ይበልጣል ያነባል፣ ጋሽ ዳና ሆዱን ይዞ ይስቃል። አዲስ መጽሐፍ ነው፣ ሰዎቹን አላውቃቸውም። ምን ሆነው እንደሚያስቁ ማወቅ አማረኝ። ሄጄ አጠገባቸው መቀመጥ አሥር እርምጃ ነበር። ቀሚሴ ዓሣ ዓሣ ይላል፣ ልጆቹ ይጠብቁኛል፣ እንዲህ ያለ ምክንያት እየደረደርሁ ትንሽ ቆየሁ። ያስቀረኝ ግን ኩራት ነው። ድምፁን ከኋላዬ ትቼ ወደ ቤት ገባሁ፣ ዓሣውን ጠረግሁ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጀምርም ከልጆቹ ጋር ተቀመጥሁ።

ቴሌቪዥኑን ላማው አይደለም የተነሣሁት። ሯጮቻችን ሲሮጡ ይበልጣል ራሱ ከወንበሩ ዘሎ ጣራውን ሊነካ ይደርስ ነበር። ምሥራቅ ሐኪሞች ሰው ሲያክሙ ያየችው በዚያ ነው፤ ነርስ እሆናለሁ ያለችው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው፣ ሆነችም። ድርቁ የመጣ ጊዜ የወገናችንን ፊት ያሳየን እሱ ነው፤ ያን ማታ ከቤታችን እህል የቀመሰ አልነበረም። ግን ቤታችን ውስጥ ወሬ እየቀነሰ ሄደ። ድሮ እራት ላይ ያ ሰው ለምን እንዲህ አደረገ፣ እኔ ብሆን እንዲህ ባደረግሁ እየተባባልን እንከራከር ነበር። ኋላ «ዝም በሉ እንስማበት» ሆነ ነገራችን። ዘመን መጣ፣ ዘመን ሄደ። ጥቁርና ነጩ ሄዶ ባለ ቀለሙ ገባ፣ ከዚያ ጣራችን ላይ የሳተላይት ሳሕን ተተከለ። ጋሽ ዳና ጡረታ ወጥቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ይበልጣል አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኝቶት አምስት መጽሐፍ ሰጠው። ሲመለስ ፊቱ ገርጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወደ ሾላው አልወረደም። መኝታ ቤት በሩን ገርበብ አድርጎ ያነባል፤ ያለ ድምፅ። ያ እንደ ደወል የሚያስተጋባ ሰውዬ ድምፁን አጥፍቶ ማንበብ በስተርጅና ለመደ። ልጆቹም አገቡ፤ ዳዊት አዲስ አበባ፣ ምሥራቅ ጎንደር። ሁለታችን ቀረን፤ እሱ እዚያ ክፍል፣ እኔ እዚህ።

ከአምስት ዓመት በፊት ይበልጣል ጧት ፊቱን ሲታጠብ ወደቀ። ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ አለ፤ አንደበቱም ተያዘ። ሐኪሞቹ ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ፈሷል አሉ። ከወር በኋላ ቤት ስናስገባው ምሥራቅ ከጎንደር መጥታ ሰነበተች፤ ስትሄድም፣ «እማዬ፣ አውሪው፤ ድምፅሽን ይስማ» አለችኝ። ምን ላውራው? ሰላሳ ዓመት ያላወራነውን ከየት ልጀምረው? አልጋውን ብርሃን እንዲያገኝ ሳሎን አድርገንለት ነበር። መኝታ ቤት ገብቼ ከመደርደሪያው ያን የመጀመሪያውን መጽሐፍ፣ ባሏን የምትፈልገውን ሴት ታሪክ፣ ፈልጌ አገኘሁ። ጠርዙን ምስጥ በልቶታል፤ ገጾቹ በእርጥበት ተጣብቀዋል። መነጽሬን አድርጌ አጠገቡ ተቀመጥሁና ማንበብ ጀመርሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ እሰናከላለሁ። ፊደሉ ይደበላለቅብኛል፤ ድምፄ ለራሴ የተማሪ ድምፅ ሆኖ ይሰማኛል። ቢሆንም አንድ ገጽ ዘለቅሁ። ቀና ስል እያየኝ ነው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ደስ አለው ብዬ ቀጠልሁ።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ደህና የሆነው እጁ መጣና መጽሐፉ ላይ ዐረፈ። ቀስ ብሎ ዘጋው። አመመህ ወይ አልሁት፤ ራሱን ነቀነቀ። እጁን ወደ ቴሌቪዥኑ ዘረጋና በጣቱ አሳየኝ። አልገባኝም። ደግሞ አሳየኝ። ተነሥቼ ከፈትሁለት። ፊቱን ወደዚያ መለሰ።

ለምሥራቅ ደውዬ ስነግራት፣ በሽታው ቃልን የሚይዘውን ቦታ ነክቶት ይሆናል፣ ቃል ተከታትሎ ሲመጣ አይያዝለትም ይሆናል፣ ሥዕል ይቀለዋል አለችኝ። እሷ የተማረች ናት፣ ትክክል ትሆናለች። እኔ ግን ሌላም አስባለሁ። ሰላሳ ዓመት ዘግይተሽ መጣሽ ማለቱ ይሆን? ወይስ አነባበቤ አሳዝኖት፣ አትድከሚ ማለቱ ነው? ልጠይቀው አልቻልሁም፤ ብጠይቀውም መናገር አይችልም። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን አላነሣሁትም። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ወንበሬን አድርጌ፣ እጁን ይዤ፣ ሁለታችንም ቴሌቪዥን እናያለን። እንዲህ ስድስት ወር ኖርን። አንዳንድ ሰው መጥቶ ሲያየን ደግ አደረግሽ፣ አጫወትሽው ይለኛል።

ያረፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ተከታታይ ድራማ ነበር፤ ሁለት እህትማማቾች በአባታቸው ቤት ይጣላሉ። ትልቂቱ ለካ እናቴ ከምትላት ሴት አልተወለደችም፤ ያን ቀን ምስጢሩ የሚወጣበት ቀን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስጠብቀው ነበርና ዓይኔን አልነቀልሁም። እጁ በእጄ ውስጥ ነው። ማስታወቂያ ሲገባ ሻይ ላምጣልህ ልለው ዞር አልሁ። ዓይኑ እንደ ተከፈተ ወደ ቴሌቪዥኑ ነበር። እጁ ቀዝቅዟል።

ምሥራቅ ደርሳ እያለቀሰች፣ «አባዬ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቄሱም ጠየቁኝ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አልኋቸው፤ የገመትሁት ነው። እህትማማቾቹ መጣላት ሲጀምሩ ይሁን፣ ሲያለቅሱ ይሁን፣ እናትየዋ በሩን ከፍታ ስትገባ ይሁን አላውቅም። እጁን ይዤ፣ ከባሌ አንድ ክንድ ርቄ ተቀምጬ፣ አላውቅም። መጽሐፍ ይዤ ቢሆን ኖሮ፣ ገጽ በገለጥሁ ቁጥር ቀና ብዬ አየው ነበር።